በሁለት ዘመን የተቆጠረ ጎማ

ማክሰኞ፣ ጎህ ሲቀድ። አሽዶድ፣ ሮቫ ዛይን

ስደርስ አባ ተገኘ ጂፗን አስነስተው መሪውን ይዘው ተቀምጠዋል። ሞተሩ ሰፈሩን ያናውጣል። ከሦስተኛ ፎቅ አንድ ሰው መጋረጃ ገልጦ በዕብራይስጥ፣ "ገና አልነጋም እኮ!" ብሎ ጮኸ። አባ ተገኘ እጃቸውን በመስኮት አውጥተው በትሕትና ሰላምታ ሰጡትና ወደ እኔ ዞሩ።

"ምን ይላል ይሄ? ለደባርቅ በዚህ ሰዓት ያልተነሳ መቼ ሊነሳ ነው?"

የምንሄደው ደባርቅ አይደለም። ወደ ኔጌቭ በረሃ ነው፤ ማአሌ አክራቢም ወደሚባል፣ በአማርኛ የጊንጦች አቀበት ልንለው ወደምንችል ጠመዝማዛ መንገድ። አባ ተገኘ አይተውት አያውቁም። ወደብ አብሯቸው የሠራ ሰው በስልኩ ፎቶ አሳያቸው፤ ከዚያ ቀን ጀምሮ ከአፋቸው አልጠፋም።

ለማያውቋቸው አንባቢዎች ላስተዋውቅ። አባ ተገኘ ሰባ አራት ዓመታቸው ነው። በጎንደር የጤና ጥበቃ ሾፌር ነበሩ። ነርሶችና የክትባት ሣጥን ጭነው ከጎንደር ደባርቅ፣ ከደባርቅ በሊማሊሞ ቁልቁል ዛሪማና አዲአርቃይ ድረስ ተመላልሰዋል። እዚህ ከመጡ በኋላ እስከ ጡረታቸው በአሽዶድ ወደብ በጥበቃ ሠሩ። ጂፗን የገዙት ጡረታ ሲወጡ ነው። ምክንያታቸው አንድ ነው፤ ጎንደር ይነዷት የነበረችው መኪና ዓይነት ናት።

አሁን የግራ ዓይናቸው እየደከመ ነው። መንጃ ፈቃዳቸው በዚህ ወር መጨረሻ ያበቃል፤ ለማሳደስ ደግሞ የዓይን ምርመራ አለ። ባለፈው ሳምንት ስልክ ደውለውልኝ፣ "ቶሬ ሐሙስ ነው" አሉኝ፤ ቀጠሮዬ ማለታቸው ነው። "ሐኪሙ ገና ሳያየኝ ፊቱን አጨፍግጓል። ከሐሙስ በኋላ አልነዳም። ከዚያ በፊት አንድ ጠመዝማዛ ልውጣ። አንድ ብቻ። ልጄ እንደሆነች አውቶማት እንጂ ማርሽ አታውቅም፤ አንቺ አብረሽኝ ነይ፣ ከፈለግሽም ጻፊው።"

እሺ አልኳቸው።

ንጋት። የወደቡ መገንጠያ

የወደቡ ክሬኖች መብራታቸውን አላጠፉም። ኮንቴይነር የጫኑ ከባድ መኪናዎች በቀኝ ጠርዝ ተሰልፈው በሩ እስኪከፈትላቸው ይጠብቃሉ። ሾፌሮቹ ወርደው ሲጋራ ያጨሳሉ። አባ ተገኘ ሲያልፉ የሚያዩት ሰዎቹን አይደለም፤ ጎማዎቹን ነው።

"ሦስት አሥራ አምስት በሰማንያ፣ ሃያ ሁለት ተኩል" አሉ ስለ አንዱ፣ ስም እንደሚጠሩ ሁሉ። "ድሮ እንዲህ አልነበረም። ድሮ ቁጥሩ አጭር ነበር። የዚች የእኔ፣ ሰባት ሃምሳ በአሥራ ስድስት። አለቀ። ጎንደር ገበያ ሄደሽ 'ሰባት ሃምሳ' ካልሽ ማንም አይጠይቅሽም፤ ያመጡልሻል።"

"ሰባት ሃምሳ ምኑ ነው?"

"ወርዱ ነዋ! ሰባት ኢንች ተኩል። አሥራ ስድስት ደግሞ ቸርኬው ነው፣ ከዳር እስከ ዳር።"

"ቁመቱስ?"

"ቁመቱን ማን ይጽፈዋል? ቁመቱ ይታወቃል።"

የጂፗን ጎማዎች አደነቅሁላቸው፤ ጥቁርና ጥርሳቸው ጥልቅ ነው። አባ ተገኘ በኩራት ሳቁ።

"ያገለገሉ ናቸው፣ ግን እንደ አዲስ ናቸው። የሸጠልኝ ሰውዬ ዕድሜያቸውን ስጠይቀው ሳይደብቅ፣ ጎኑን በጣቱ አሳየኝ። ተጽፎበታል፤ ሁለት ሺህ አሥራ ስድስት። ገና ሁለት ዓመታቸው።"

እኔም አልተጠራጠርኩም።

ከከተማው መውጫ ያለው ኪካር ላይ፣ መኪኖች ዙሪያውን የሚዞሩበት ክብ አደባባይ ላይ ማለት ነው፣ ከግራ አንድ ሞተር ብስክሌት መጣ። ቅድሚያው የእሱ ነው። አባ ተገኘ ፍጥነት አልቀነሱም። "አባ!" አልኩ። ፍሬን ያዙ። ባለ ሞተሩ ራሱን እየነቀነቀ ከፊታችን አለፈ፤ የራስ ቁሩ ቀይ ነበር።

ጥቂት ከሄድን በኋላ ጠርዝ ይዘው ቆሙ። ቀበቷቸውን ፈቱ።

"አላየሁትም" አሉ። በሌላ ቃል ሊያለሳልሱት አልሞከሩም። "አውራ ጎዳናውን አንቺ ንጂ። አቀበቱ ሥር ስንደርስ ትመልሽልኛለሽ። እዚያ ከግራ የሚመጣ ሞተር የለም።"

ቦታ ተቀያየርን። የጂፗ ፍሪሲዮን እግር ይፈትናል፤ ማርሹም የራሱ ጠባይ አለው።

ረፋድ ላይ። ቂርያት ጋት

ነዳጅ ማደያ ላይ ሻይና ቡሬካስ፣ የእነሱ ሳምቡሳ። ዋጋው አሽዶድ ከለመድኩት እጥፍ ሊሆን ምንም አልቀረውም። ሌሊቱን የዘነበ ዝናብ የጥጥ ማሳውን ጭቃ አድርጎታል፤ አየሩ የርጥብ አፈር ሽታ አለው። አባ ተገኘ የወረቀቱን ኩባያ በሁለት እጃቸው ይዘው መንገዱን ያያሉ። መንገዱ ቀጥ ያለ ነው፤ ጫፉ እስኪጠፋ ድረስ ቀጥ ያለ።

"አሽዶድ መታጠፊያ አላት፤ ጠመዝማዛ ግን የላትም" አሉ። "ይገባሻል? በትራፊክ መብራት መታጠፍ መታጠፍ አይደለም። ሰዎች ስለ አገር ሲያወሩ ሁሉም የሚናፍቀው አለው፤ ምግቡን የሚል አለ፣ ቤቱን የሚል አለ። እኔ ስተኛ የሚመጣብኝ መሪው ነው። እንዲህ አድርጌ፣ እጄን አሻግሬ፣ ሙሉ ስጠመዝዘው። ከዚያ ደግሞ ሲመለስ በመዳፌ ውስጥ የሚንሸራተተው። ከሃያ ዓመት በላይ ቀጥ ብዬ ነዳሁ፣ ልጄ።"

የሊማሊሞን መታጠፊያዎች እሳቸውና ነርሶቹ ስም አውጥተውላቸው ነበር። ነገሩኝ። "ነርሷ ያለቀሰችበት"። "ክትባቱ የፈሰሰበት"። "ዝንጀሮዎቹ ያልለቀቁን"። አንዱ ደግሞ "ዝም በሉ" ይባላል፤ እዚያ ሲደርሱ ማንም አይናገርም፤ ሾፌሩ ሞተሩን እንዲሰማ።

"አሁንም ያ መንገድ አለ?"

"የእኅቴ ልጅ ሲደውል ጠየቅሁት። አስፋልቱ በሌላ በኩል ወርዷል ይላል። የእኔን ማን ይነዳዋል? ሣር በልቶታል ይላል።" ኩባያውን አጨማደዱት። "እውነቱን ይሁን አይሁን አላውቅም። እሱ ያደገው አዘዞ ነው፤ ሊማሊሞን ከየት ያውቃል!"

ስለ ሣሩ ሌላ አልጠየቅኩም። አረጋግጬ ልጽፈው የማልችለው ነገር ነው፤ ለእሳቸው ግን ከሰሙት ቀን ጀምሮ መንገዱ ጠፍቷል።

ከቂርያት ጋት ደቡብ ስንሄድ መሪው መንቀጥቀጥ ጀመረ። መጀመሪያ ጥቂት፤ ፍጥነት ስጨምር ደግሞ እጄን እስከ ክርኔ። አባ ተገኘ ጆሯቸውን ወደ ወለሉ አዘነበሉ።

"የፊት ቀኝ" አሉ። "ቀስ በይ። ጎሚስታ እንፈልግ።"

ቀትር። ቤር ሼቫ፣ ኢንዱስትሪ ሰፈር

እዚህ አገር የጎሚስታ ቤት ፓንቸርያ ይባላል። የገባንበት ፓንቸርያ በአንድ በኩሉ የጎማ ተራራ፣ በሌላው ደግሞ ድመት የተኛችበት ሶፋ አለው። ባለቤቱ ሞሪስ ይባላል፤ ሆዱ ገፋ ያለ፣ መነጽሩን ግንባሩ ላይ የሰቀለ ሰው ነው። ወሬው ሁሉ በዕብራይስጥ ነው፤ ወደ አማርኛ እያመጣሁት ነው።

"ሳባ፣ ይህችን ቆንጆ ከየት አመጣሃት?" አለ ጂፗን እያየ። ሳባ በእነሱ አያት ማለት ነው።

"ሰባ አይደለሁም" አሉ አባ ተገኘ ፊታቸውን ኮስተር አድርገው። "ሰባ አራት ነኝ።" ከዚያ ለእኔ በአማርኛ ተርጉመው ራሳቸው ሳቁበት። ሞሪስ ባይገባውም አብሮ ሳቀ።

መኪናዋ በክሪክ ተነሳች። የፊት ቀኝ ጎማ ተፈትቶ ሲሽከረከር ከጎኑ የእንቁላል ያህል እብጠት ወጥቷል። ሞሪስ መነጽሩን ወደ ዓይኑ አወረደ። ጎማውን በአውራ ጣቱ ተጭኖ አጠፈው። ጥርሶቹ ሥር፣ ቀጥ ብሎ ሲቆም የማይታየው ቦታ ላይ፣ የተሰነጣጠቀ ጭቃ የመሰለ መስመር ተከፈተ። ሌሎቹንም ሦስቱን አጥፎ አያቸው። ሁሉም ያው ናቸው።

"ከውጭ ሲታዩ ሙሽራ ናቸው" አለ። "ውስጣቸው ደርቋል። ስንት ዓመታቸው እንደሆነ ታውቃለህ?"

"ሁለት" አሉ አባ ተገኘ።

"ማን ነው ያለህ?"

አባ ተገኘ ጎንበስ ብለው ጎማው ጎን ላይ በትንሽ ክብ ውስጥ የታተሙትን አራት አሃዞች በጣታቸው ነኩ። "ይኸው። 2016።"

ሞሪስ ወደ እኔ አየ። "እኔም እኮ 2016 ነው ያየሁት። የመጀመሪያዎቹ ሁለት አሃዞች ሳምንቱ ናቸው፣ የመጨረሻዎቹ ዓመቱ። የ2016 ሃያኛው ሳምንት። አሥር ዓመት ሊሞላቸው ነው። ሳባ ሁለት የሚለው በየትኛው ሒሳብ ነው?"

ነገሩ የገባኝ ያኔ ነው። አባ ተገኘ ቤት፣ ሳሎኑ ግድግዳ ላይ፣ በየዓመቱ ከጎንደር የሚላክላቸው የቀን መቁጠሪያ ተሰቅሏል። የልጅ ልጆቻቸውን ልደት እንኳ የሚያስሉት በእሱ ነው። በእሱ አቆጣጠር አሁን 2018 ነው። 2016 የካቻምና ዓመት ነው። ሻጩ አልዋሸም፤ ቁጥሩን አሳይቷቸዋል። እሳቸውም ቁጥሩን በትክክል አንብበዋል። ያነበቡት ግን በጎንደር ዘመን ነው።

በአማርኛ ነገርኳቸው። አሃዞቹን በጣታቸው ደግመው አሹ።

"እኔስ እሺ፣ እኔ ሽማግሌ ነኝ" አሉ በመጨረሻ። "ጎማው ግን ምነው አብሮኝ ተሳሳተ!"

እዚያው። ስለ ቁጥሮቹ

ሞሪስ ሰባት ሃምሳ የለውም። "ይህ ቁጥር ከአያቴ ጋር ተቀብሯል" አለ። ካለን የሚቀርበው ብሎ ያወጣው 225/75R16 የሚል ጎማ ነበር። አባ ተገኘ ገና ሲያዩት አጠገቡ ሰባት ሃምሳውን አቆሙና ከላይ መዳፋቸውን ዘረጉ። አዲሱ ዝቅ ይላል።

"ይህ አጭር ነው። ይህን ካደረግሁ የፍጥነት መለኪያዋ ይዋሻል።"

ልክ ናቸው። አንባቢም መኪናው ላይ ያለውን ቁጥር ሄዶ እንዲያይ ሒሳቡን በአጭሩ ላስቀምጥ። በአዲሱ አጻጻፍ የመጀመሪያው ቁጥር የጎማው ወርድ ነው፣ በሚሊ ሜትር። ሁለተኛው የጎኑ ከፍታ ነው፤ ግን በሚሊ ሜትር ሳይሆን ከወርዱ በመቶኛ። የመጨረሻው ቸርኬው ከዳር እስከ ዳር ነው፣ በኢንች። 225 ሲባዛ በ75 በመቶ 169 ገደማ ይሆናል። ጎን ከላይም ከታችም ስላለ ሁለት ጊዜ ይደመራል፤ 338። አሥራ ስድስት ኢንች በ25.4 ሲባዛ 406። ጠቅላላ ቁመቱ 744 ሚሊ ሜትር ነው።

ሰባት ሃምሳ የጎን ከፍታውን አይናገርም፤ አባ ተገኘ እንዳሉት ይታወቃል ተብሎ ነው። ሞሪስ በሜትር ሲለካው ከሰማንያ ሳንቲ ሜትር ጥቂት ያልፋል። በስድስት ሳንቲ ሜትር ያጠረ ጎማ ከገባ መለኪያው ዘጠና ሲል መኪናዋ የምትሄደው ሰማንያ ሦስት አካባቢ ነው። ጉዳዩ የፍጥነት ብቻ አይደለም። ለዓመታዊው ምርመራ፣ ለቴስቱ፣ በመኪናዋ ፈቃድ ላይ ከተጻፈው ጋር የሚስማማ መሆን አለበት።

ሞሪስ ካታሎግ ገለጠ። እኔ በስልኬ አሰላሁ። አባ ተገኘ በላያችን ቆመው ሁለታችንንም ይቆጣጠራሉ። የተገኘው 235/85R16 ነው። 235 በ85 በመቶ 200 ገደማ፤ ሁለት ጊዜ 400፤ ሲደመር 406። ስምንት መቶ ስድስት። ከአሮጌው የሚለየው በጣት ውፍረት እንኳ አይደለም። ሞሪስ የቸርኬውን ወርድ ለካ፤ ስድስት ኢንች፤ ይቀበላል። ወደ ቴስት ጣቢያው ደውሎ ጠየቀ፤ ይሆናል አሉት።

"ስለዚህ ሰባት ሃምሳ ማለት ሁለት ሠላሳ አምስት በሰማንያ አምስት ነው" አሉ አባ ተገኘ። እንደ ውጭ አገር ቃል ደጋግመው አሉት። "ረጅም ስም ሰጡት።"

"አራቱን አዛለሁ" አለ ሞሪስ። "ቢያንስ ሁለት ሳምንት።"

ሐሙስ ከነገ ወዲያ ነው።

ከቀትር በኋላ። አሁንም ቤር ሼቫ

አባ ተገኘ ሶፋው ላይ ከድመቷ አጠገብ ተቀመጡ። ሞሪስ ቡና አመጣላቸው፤ አልነኩትም።

"ትርፍ ጎማ አለኝ" አሉኝ። "ያበጠውን በእሱ እንቀይረውና እንሂድ። ቀስ ብዬ እወጣለሁ። በሁለተኛ ማርሽ። ሊማሊሞን ከዚህ በባሰ ጎማ ወጥቼዋለሁ፤ ሽቦው በወጣ ጎማ፣ በገመድ በታሰረ ጎማ።"

"ትርፉስ ስንት ዓመቱ ነው?"

"አብሮ የተገዛ ነው።"

ሞሪስ የምንነጋገረውን ቋንቋ ባያውቅም ጉዳዩ ገብቶታል። "ሳባ፣ በረሃው ይቃጠላል፣ አስፋልቱ ይቃጠላል። እንዲህ ያለ ጎማ ቀስ ብሎ አይተነፍስም። በአንድ ጊዜ ይፈነዳል። የፊቱ ከሆነ መሪ የለህም።"

አባ ተገኘ በአማርኛ፣ "ለሱ ንገሪው፣ እሱ ሳይወለድ እነዳ ነበር" አሉ።

ነገርኩት።

"እንዲያማ ከሆነ እኔ ከምለው በላይ ያውቃል" አለ ሞሪስ፤ ወደ ሌላ ደንበኛ ሄደ።

አስተያየት መስጠት ይቻለኝ ነበር፤ ግን ሐሙስ የእሳቸው እንጂ የእኔ አልነበረም። ተቀምጬ ጠበቅሁ። አባ ተገኘ ተነስተው ወደ ተፈታው ጎማ ሄዱ። ጥፍራቸውን ስንጥቁ ውስጥ ሰደዱ። ጥፍራቸው ገባ። አውጥተው አዩት። ከዚያ እኔን አዩኝ፤ ከእግር እስከ ራሴ፣ ጭነት እንደሚመዝን ሰው።

"በገመድ በታሰረ ጎማ የወጣሁት ብቻዬን ነው" አሉ። "ይህን ሳልነግርሽ ቀረሁ። ሰዎቹን ዛሪማ አውርጄ፣ ብቻዬን። ሰው ጭኜ እንዲህ ባለ ጎማ ወጥቼ አላውቅም። አንድም ቀን።"

"ብቻዎን ሊሄዱ ይፈልጋሉ?"

"በዚህ ዓይኔ?" አሉና ፈገግ አሉ። "አንቺ ሳትኖሪ ሞተር ብስክሌቱን ማን ያይልኛል? አንቺ ካለሽ ደግሞ ሰው ጭኛለሁ።"

ቀዝቃዛውን ቡና ቆመው ጠጡት። ቁልፉን ከኪሳቸው አውጥተው ለሞሪስ ሰጡት፣ ጎማዎቹ እስኪመጡ ጂፗ ግቢው ውስጥ እንድትቆይ። ተሰናብተውት ሲወጡ አንድ ጊዜ ቆመው ወደ ኋላ ዞሩ፤ "ፀሐይ ላይ አታቁማት" አሉት።

ወደ አሽዶድ። አመሻሽ

አውቶቡሱ ሙሉ ነው፤ ግማሹ ወታደር፣ ግማሹ ተማሪ። አንዲት ጠመንጃ ያነገተች የእኛ ልጅ ተነስታ፣ "ቁጭ ይበሉ አባባ" ብላ በተሰባበረ አማርኛ ቦታዋን ሰጠቻቸው። ቦታው ከሾፌሩ ጀርባ ነው። መንገዱን ሙሉ የሾፌሩን ክንዶች ሲያዩ ነበር። መንገዱ ቀጥ ያለ ስለሆነ ክንዶቹ አልተንቀሳቀሱም ማለት ይቻላል።

አሽዶድ ስንገባ የወደቡ መብራት በርቷል። "ያቺን የወደቡ ጓደኛዬ ያሳየኝን ፎቶ ታውቂያታለሽ?" አሉኝ። "መታጠፊያው ጠርዝ ላይ በርሜል ተደርድሯል። እኛ ድንጋይ ነበር የምንደረድረው፤ ኖራ የተቀባ።"

ሐሙስ ከሰዓት ደወልኩላቸው። "አላሳደሱልኝም" አሉ። ድምፃቸው እንደ ወትሮው ነው። "ሐኪሙ ጥሩ ልጅ ነው። ሦስት ጊዜ እንድሞክር ፈቀደልኝ። በግራ በኩል መብራቶቹን ሲያበራ 'አሁን' በሉ አለኝ። እኔ ገና አልጀመረም ብዬ ስጠብቅ ለካ ጨርሷል።"

ሌላ ማክሰኞ፣ ከሦስት ሳምንት በኋላ። ከአሽዶድ ወደ አራባ

በመጀመሪያው አውቶቡስ ተነስተን ቤር ሼቫ ገባን። ጂፗ በጥላ ቆማለች፣ በአራት አዲስ ጎማ። አባ ተገኘ መጀመሪያ ያዩት አራቱን አሃዞች ነው። አነበቡ፤ ጣታቸውን አጥፈው ቆጠሩ፤ ሞሪስን ጠየቁ፤ እንደገና ቆጠሩ።

"በእነሱ አቆጣጠር የዘንድሮ ነው" አሉኝ። "በእኛ ቢሆን ገና አልተወለደም!"

ዛሬ ከመሪው በስተቀኝ ተቀምጠዋል። ሸሚዛቸውን ተኩሰዋል። ዲሞናን አልፈን በረጅሙ ቁልቁለት ወደ አራባ ሸለቆ ወረድን፣ ከባሕር ጠለል በታች ወዳለው ሞቃት ሜዳ። ግራሮች ተራርቀው ቆመዋል፤ አባ ተገኘ የመጀመሪያዋን ግራር ሲያዩ ኮፍያቸውን አነሱላት። ወደ ደቡብ ጥቂት ተጉዘን፣ ከሃጼቫ አካባቢ ወደ ምዕራብ በምትገባ ጠባብ መንገድ ታጠፍን። ሜዳው አለቀ። ከፊታችን ቢጫ ግድግዳ ቆመ፤ ግድግዳው ላይ እንደ ተጣለ ክር መንገዱ ተጠማዟል።

"አቁሚ" አሉ።

ቆምኩ። ስለ ቦታ መቀያየር አንስተን አልተነጋገርንም። አባ ተገኘ ቀኝ እጃቸውን ዳሽቦርዱ ላይ አደረጉ፣ ንዝረቱ ይሰማቸው ዘንድ።

"ቀጥይ። ከመታጠፊያው በፊት ሁለተኛ አስገቢ፤ ከገባሽ በኋላ ማርሽ አትንኪ። ጡሩንባ ንፊ።"

"ማንም የለም እኮ።"

"ንፊ!"

ነፋሁ። የመጀመሪያው መታጠፊያ ላይ መሪውን ሙሉ ጠመዘዝኩት፤ ጂፗ አጉረመረመችና ዞረች። በሁለተኛው ላይ ዘገየሁ፤ ማርሹን መሃል ላይ ለመቀየር ስሞክር ጥርሶቹ ተፋጩ፤ የሚያሳፍር ድምፅ ነበር። አባ ተገኘ ዓይናቸውን ጨፈኑ።

"ይህኛው ስሙ ወጥቶለታል" አሉ። "ጋዜጠኛዋ ማርሽ ያስለቀሰችበት።"

ከዚያ በኋላ ሲናገሩ በአጭሩ ነው። "ልቀቂው።" "ጠብቂ።" "አሁን።" ከእኔ ቀድመው የሚያውቁት በዓይን አልነበረም፤ ሞተሩ ድምፁን ሲያወፍር ያውቁታል። ሁለቱ እጆቻቸው ጭናቸው ላይ ይንቀሳቀሳሉ፤ አንዱ በሌላው ላይ እየተሻገረ፣ ከእኔ እጅ ትንሽ ቀደም ብሎ።

አጋማሹ ላይ መንገዱ በጣም ጠበበ። የዛጉ በርሜሎች ጠርዙን ይዘዋል።

"በግራ ምን አለ?" አሉኝ።

"ገደል። በርሜል። ድንጋይ።"

"ዛፍ?"

"የለም።"

"ጉም የሚባል ነገር?"

"የለም አባ። ሰማዩ ጥርት ያለ ነው።"

"ዝንጀሮ?"

ውሸት አልለመደብኝም። "የለም።"

ዝም አሉ። ሁለት መታጠፊያ አለፍን። የሚሰማው ሞተሩና አዲሱ ጎማ ጠጠር ሲረግጥ ብቻ ነው።

"መታጠፊያውስ?" አሉ።

"እሱ አለ። ከፊታችን ሌላ አለ፤ ከእሱም በላይ ሌላ።"

"እንግዲያው የጠየቅኩት እሱን ነበር።"

ጫፉ ላይ ደርሰን ሞተሩን አጠፋሁ። ነፋስ አለ። በታች የወጣነው መንገድ ሁሉ፣ ከእሱም ወዲያ የአራባ ሜዳ፣ ከሜዳውም ማዶ የዮርዳኖስ ተራሮች በሰማያዊ ጢስ ውስጥ። አባ ተገኘ ጠርዙ አጠገብ ቆመው ቀኝ ዓይናቸውን ወደ መንገዱ አዞሩ። ለረጅም ጊዜ አዩት። ከዚያ ዕንባቸው ወረደ። በመሐረብ ጠረጉት፤ ነፋሱ ነው አላሉኝም።

"ሊማሊሞን አይመስልም" አሉ።

"አይመስልም።"

"ይህ ራቁቱን ነው። ሊማሊሞ ልብስ አለው።" መሐረቡን አጣጥፈው ኪሳቸው ከተቱ። "እኔ እኮ ይህን ስወጣ ያን የምረሳው መስሎኝ ነበር። ጭራሽ አብሶብኝ አረፈው።"

ከያዝነው ዳቦ ቆርሰን በላን። ውሃ ጠጣን። ከታች አንዲት ነጭ መኪና ወደ ላይ መውጣት ስትጀምር አዩ። ሾፌሩ ማን እንደሆነ አናውቅም። አባ ተገኘ ግን ቆመው፣ ከንፈራቸውን እያንቀሳቀሱ፣ በየመታጠፊያው ሲመሩት ቆዩ።

ማምሻ። አሽዶድ

ወደ ቤት ተመለስን። በዲሞና፣ በቤር ሼቫ፣ በቂርያት ጋት፤ መንገዱ ቀጥ እያለ፣ መኪናው እየበዛ። አባ ተገኘ አንድ ጊዜ የፍጥነት መለኪያውን በስልኬ ካለው ፍጥነት ጋር አስተያዩኝ። እኩል ነው። ራሳቸውን ነቀነቁ፤ ከዚያ በኋላ አንቀላፉ፣ ወይም የተኙ መሰሉ።

ከኪካሩ ስንገባ ወደቡ በቀኝ መብራቱን አብርቶ ነበር። ሮቫ ዛይን የትምህርት ቤቱን አጥር ተከትዬ፣ ከክሊኒኩ ወደ ግራ ታጥፌ፣ ወደ ሕንጻቸው ግቢ ልገባ ስል አባ ተገኘ ቀና አሉ። ኮፍያቸውን አደረጉ። መንገዱ ገና አላለቀም፤ መኪና ማቆሚያው ሃምሳ ሜትር ይቀራል፤ ከኋላዬም መኪናዎች አሉ።

"ሾፌር!" አሉ። በዚህ ስም ጠርተውኝ አያውቁም። በጎንደር የሾፌርነት ዘመናቸው ሁሉ ከኋላቸው ሲጮህባቸው የኖረውን ቃል፣ እንዴት እንደሚባል በጥንቃቄ እየሞከሩ፣ ድምፃቸውን ጥቂት ከፍ አድርገው አሉት።

"ወራጅ አለ።"

ፍሬን ያዝኩ። ከኋላ ያለው መኪና ጡሩንባ ነፋ፤ ከእሱም ኋላ ያለው። አባ ተገኘ በሩን ከፍተው፣ እጀታውን ይዘው፣ አንድ እግራቸውን አውርደው መሬቱን ፈልገው እስኪያገኙት፣ ሌላውንም እስኪያወርዱ፣ በሩንም ቀስ ብለው እስኪዘጉት ድረስ ከቦታዬ አልተነቃነቅኩም።